ከጤና ጣቢያ ወደ ትምህርት ቤት ነርስነት፦ የተለየ ሰርተፍኬት ያስፈልገኛል?

የኮዬዋ ነርስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በዲግሪ የተመረቅኩ ነርስ ነኝ። 7 ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ፤ 3ቱን ዓመት ድንገተኛ ክፍል። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከአዳር ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ ቤት ስደርስ ልጄ ኬጂ ሄዳለች። ስትመለስ እኔ ተኝቻለሁ። ባለፈው ሳምንት "እማ፣ የምትነቂው መቼ ነው?" አለችኝ። ያን ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነርስ ይፈልጋል። ከኬጂ እስከ 8ኛ ክፍል ነው። ገብቼ አነጋገርኳቸው፤ ደስ ብሏቸዋል። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ግን "እዚህ የትምህርት ቤት ነርሶች ለብቻው ተፈትነው ሰርተፍኬት ይይዛሉ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ ሁለት ሆነ። እኛ አገር በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ በምን ገባችሁ? ምን ተማራችሁ? ደግሞ አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። መርፌና ግሉኮስ ካልያዝኩ እጄ ይጠፋብኝ ይሆን?

ከሜሪላንድ፦

እህቴ፣ የአክስትሽ ልጅ የነገረችሽ እውነት ነው፤ ግን እኔም ላለሁበት ለአሜሪካ ነው። የትምህርት ቤት ነርሶችን የሚያረጋግጥ ብሔራዊ ቦርድ አለ። ፈተናውን ለመውሰድ የአሜሪካ የነርስ ፈቃድ፣ ባችለር ዲግሪ፣ ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በትምህርት ቤት ነርስነት የተሠራ ሥራ ይጠይቃሉ። ሰርተፍኬቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ ይታደሳል። ግዴታ ይሁን አይሁን ከስቴት ስቴት ይለያያል። ከቱሉ ዲምቱ ሆነሽ የምትፈተኚው ነገር አይደለም። ስለዚህ እሱን ብለሽ ሥራው እንዳያመልጥሽ።

አንድ ታሪክ ግን ልንገርሽ፤ እኔን ሁሌ ይነካኛል። እዚህ የትምህርት ቤት ነርስ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1902 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ያኔ ሐኪሞች ክፍል ለክፍል እየዞሩ ትራኮማ፣ ቆረቆር፣ ቅማል ያለበትን ልጅ ወደ ቤቱ ይሰዱ ነበር። ቤት የሚያክመው የለም። ልጁ እንደወጣ ይቀራል። ሊና ሮጀርስ የምትባል አንዲት ነርስ 4 ትምህርት ቤቶች ተሰጣት፤ ለ1 ወር ሙከራ ነበር። ቁስሉን እዚያው አጠበች፣ ቤት ድረስ ሄዳ እናቶችን አስተማረች፣ ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ወሩ ሲያልቅ ከተማው ሌሎች ነርሶች ቀጠረ።

ሲስተር ከየካ አባዶ፦

የኔ እህት፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ በትምህርት ቤት ስሠራ 9 ዓመቴ ነው። የተቀጠርኩት በነርስነት ፈቃዴ ነው፤ ሌላ ወረቀት የጠየቀኝ የለም። ፈቃድሽ እንዳይቃጠል ተጠንቀቂ፤ ሲፒዲሽን (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናሽን) በየዓመቱ ያዢ። ኮርስ ስትመርጪም የልጆች ድንገተኛ ሕክምና፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳር በሽታ፣ አስም ላይ አተኩሪ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግሽ ትምህርት ይኸው ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ጤና ጣቢያ ስትሠሪ ከጎንሽ ሰው አለ። ሐኪም ትጠሪያለሽ፣ ላብራቶሪ ትልኪያለሽ። ትምህርት ቤት ብቻሽን ነሽ። 900 ልጅ፣ አንድ አልጋ፣ አንቺ። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ፈርቼ ነበር።

አሁን ያለሁበት ትምህርት ቤት በገባሁ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ሰልፍ ላይ ወደቀ። ስደርስ አንዱ ጥበቃ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ስር ይዟል። አንዲት መምህርት ማንኪያ በጥርሱ መሀል ልታስገባ ትታገላለች። ሁለቱም ከልባቸው ሊረዱት ነው። ክብሪቱን ቀስ ብዬ ተቀበልኩ። ማንኪያውን አስጣልኩ። ልጁን በጎኑ አስተኛሁት፣ ሹራቤን ከራሱ ስር አደረግኩ፣ የአንገቱን ቁልፍ ፈታሁ፣ ሰዓቴን አየሁ። 2 ደቂቃ ከምናምን ነው የቆየው። 5 ደቂቃ ቢያልፍ 907 ደውዬ አምቡላንስ እጠራ ነበር። ልጁ ሲነቃ ሱሪውን አርጥቧል። 600 ልጅ ከቦ ያየዋል። ነጠላዬን አልብሼ ወደ ክፍሌ ወሰድኩት። ያን ዕለት ከሰዓት ዳይሬክተሩን ለምኜ መምህራኑንና ጥበቃዎቹን ሰበሰብኩና ግማሽ ሰዓት አስተማርኩ። አሁን በየዓመቱ መስከረም ላይ አደርገዋለሁ። ክብሪት የያዘው ጥበቃ ዛሬ ለአዲሶቹ የሚያሳየው እሱ ነው።

እጄ ይጠፋል ላልሽው፣ ትንሽ ይደክማል፤ አልዋሽሽም። እኔ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሰፈር ያለ ክሊኒክ እሠራለሁ። ዓይንሽ ግን ይሰላል። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ አንድ ሰሞን ጉልበቴን አመመኝ እያለች መጣች። በሳምንቱ ቁርጭምጭሚቴን አለች። መምህሯ "ስፖርት ላለመሥራት ነው" አለችኝ። መዝገቤን ገልጬ ሳይ ከ3 ሳምንት በፊት በጉሮሮ ሕመም መጥታለች። እናቷን አስጠርቼ ሆስፒታል ላክኳት። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ነበር፤ ልቧን ነክቷል። ዛሬ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌዋን ትወስዳለች፤ ቀኑን እኔም እሷም ግድግዳ ላይ እናያለን። ያ መዝገብ ባይኖር ጉልበትና ጉሮሮን ማን ያገናኘዋል? ስለዚህ ለሆድ ቁርጠትም ለጭረትም የመጣውን ሁሉ ጻፊ። ስም፣ ክፍል፣ ሰዓት፣ ምን አለ፣ ምን አደረግሽ።

ደግሞ በመጀመሪያው ወር ዓይን ለኪ። የኢ ሰሌዳ (የE ፊደል በየአቅጣጫው የተጻፈበት የዓይን መለኪያ)፣ 6 ሜትር፣ አንድ ዓይን እየሸፈንሽ። ሰነፍ የተባለ ልጅ የክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ሳይታየው ኖሮ ታገኛለሽ፤ በየዓመቱ አገኛለሁ።

ከመፈረምሽ በፊት የምትጠይቂውን ልንገርሽ። ውሉ የ10 ወር ነው ወይስ የ12? ክረምቱን ደመወዝ ይከፍላሉ? ክፍልሽ ውስጥ ውኃ አለ? በሩ ይዘጋል? ሞዴስ ፈልጋ የምትመጣ ልጅ በወንዶች ፊት አትጠይቅሽም። ደግሞ ሥራሽ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡሽ። እኔ መጀመሪያ የሠራሁበት ቦታ መምህር በቀረ ቁጥር ኬጂ ክፍል ያስገቡኝ ነበር። አንድ ቀን አስም ያለበት ልጅ የተቆለፈ በር ላይ ቆሞ እያቃተተ አገኘሁት። ተረፈ፤ እኔ ግን እዚያ አልቆየሁም።

መድኃኒትንም በተመለከተ፣ ወላጅ በምሳ ዕቃ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለ ግማሽ ክኒን ይልክልሻል። አትስጪ። ከነማሸጊያው፣ ከሐኪሙ ወረቀትና ከወላጅ ፊርማ ጋር ካልሆነ አይሆንም። ይቆጡሻል፤ ታገሺ። የአስም ፓፍ ስፔሰር (ፓፉ ላይ የሚገጠም፣ መድኃኒቱ ሳንባ እንዲደርስ የሚረዳ ቱቦ) ከሌለሽ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ታችኛውን በፓፉ አፍ ልክ ቀዳዳ አውጪበትና ተጠቀሚበት፤ በደንብ ይሠራል።

የወረዳው ኤክስቴንሽን፦

ሲስተር ሁሉን ብላዋለች። እኔ የምጨምረው አንድ ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ነርሶችን ነው የሚያሰማራው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ከሥራችን አንዱ ነው። እንደገባሽ በአቅራቢያሽ ያለውን ጤና ጣቢያ ሂጂና ተዋወቂን። የሆድ ትላትል መድኃኒት ዘመቻ ሲኖር፣ ለሴት ልጆች የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሲመጣ አብረን እንሠራለን። ክትባቱ በ2011 ሲጀመር "መካን ያደርጋል" የሚል ወሬ ስንት ወላጅ አስፈራርቶብናል። ወላጅ የሚያምነው በየቀኑ በር ላይ የሚያያትን ነርስ ነው።

የኮዬዋ ነርስ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሲስተር፣ የጻፉልኝን አትሜ ይዤ ሐሙስ ሄድኩ። ውሉ የ12 ወር ነው። ክፍሉ በር አለው፤ ውኃ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ቧንቧ ያለው በርሜል እንዲገዙ ጠየቅኩ፣ እሺ ብለዋል። "መምህር ሲቀር ክፍል አልይዝም" የሚለውንም በጽሑፍ አስገባሁ። ዳይሬክተሯ ትንሽ ዝም አለችና ፈረመች።

ስወጣ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ሴት አየሁ። ከእሷ ጎን ቴርሞስ አለ። ልጇ 3ኛ ክፍል ነው፤ የስኳር ሕመም አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ 6 ሰዓት ላይ መጥታ ኢንሱሊኑን ትወጋዋለች። በዚህ ምክንያት ሥራ መግባት አልቻለችም። ነርስ መሆኔን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። "መርፌውን ወስዶ ምሳውን ሳይጨርስ ቢቀር ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ። ነገርኳት፦ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው የደሙን ስኳር እለካለሁ፤ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና እለካለሁ፣ ሲስተካከል ምሳውን ይጨርሳል። ካልተስተካከለ ስኳሩን እደግምለታለሁ፣ ለእሷም እደውላለሁ። መዋጥ ካቃተው በአፉ ምንም አልሰጠውም፤ አምቡላንስ ነው።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ቴርሞሷን አንስታ ተነሳች። አብረን ወደ ክፍሉ ተመለስንና ኢንሱሊኑ የሚቀመጥበትን፣ ፀሐይ የማይመታውን ጥግ መረጥን።