ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲገባ ማን፣ የት ቆሞ ይምራው?

ጥያቄ (ፎርማን)፦
ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ የሕንፃ መሠረት በሚቆፈርበት ጠባብ ግቢ ውስጥ እሠራለሁ። ገረጋንቲ የሚያመጡት ሲኖትራኮች መዞሪያ ስለሌላቸው ወደ ኋላ እየነዱ ይገባሉ፤ ረዳቶቹም ከኋላ ቆመው «ና! ና!» እያሉ ይመራሉ። የቀን ሠራተኞች ድንጋይ የሚያመላልሱት በዚያው በኩል ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እርጥብ ገረጋንቲ ካሶኒው (ተነሥቶ ጭነቱን የሚያራግፈው የመኪናው ሣጥን) ላይ ሲጣበቅ ረዳቱ አካፋ ይዞ ከተነሣው ካሶኒ ሥር መግባቱ ነው። ምን ሥርዓት ልዘርጋ?

መልስ (ሹፌር)፦
ሹፌር በትክክል ከኋላው የቆመን ሰው በመስታወት አያይም። መሪው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ በግራ መስታወት ሙሉ ሰውነቱ እየታየ፣ ራቅ ብሎ በእጅ ምልክት ይምራ። ከመስታወቱ ከተሰወረ መኪናው ወዲያው ይቁም።

መልስ (የሥራ ደህንነት ባለሙያ)፦
ካሶኒ ተሰቅሎ ሳለ የፒስቶኑ ዘይት ቱቦ ቢፈነዳ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል፤ ስለዚህ የተጣበቀው ጭነት የሚፋቀው ካሶኒው ወርዶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነው። አንዳንድ ሹፌሮች የተጣበቀውን ለማራገፍ ካሶኒውን እንደሰቀሉ ወደ ፊት ነድተው ድንገት ፍሬን ይይዛሉ፤ ይህ ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም። ጭነቱ ላይኛው ጫፍ ላይ ቀርቶ ሳለ የአንድ ጎን የኋላ ጎማ በለስላሳ አፈር ቢሰምጥ መኪናው ወደ ጎን ይገለበጣልና፣ ሲራገፍ በግራም በቀኝም ሰው አይቁም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት አይሰቀል። ምናልባት ከነካም ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ይቆይ፣ ሌላው ሰው ይራቅ፤ እሳት ካልተነሣ በቀር ኃይሉ እስኪቋረጥ አይውረድ።

መልስ (የሳይት መሐንዲስ)፦
በሰው ምልክት ብቻ መተማመን አልወድም። ከጉድጓዱ አፍ በፊት ቢያንስ የጎማውን ቁመት ግማሽ የሚያህል የአፈር ክምር ይሠራ። ርቀቱም ከጉድጓዱ ጥልቀት ባያንስ ይመረጣል፤ ጥቁር አፈር ከዝናብ በኋላ ከዚህም በላይ ይፈልጋል። ድንጋይ አመላላሾቹ ሌላ መተላለፊያ ከሌላቸው መኪና ሲገባ ሥራቸውን ያቁሙ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ረዳቶቹ ግን የእኛ ሠራተኞች አይደሉም፤ የመኪናው ባለቤት የቀጠራቸው ናቸው። እምቢ ቢሉስ?

መልስ (የሳይት መሐንዲስ)፦
የሚከፈላቸው በምልልስ በመሆኑ መቸኮላቸው አይቀርም። ስለዚህ መሪውን ከራስዎ ሠራተኞች መድበው አንጸባራቂ ሰደርያ ያልብሱት። ረዳቱ ከመኪናው ወርዶ በበሩ እንዲጠብቅ ያድርጉ፤ ይህን ያልተቀበለ ሹፌር ከበሩ ይመለስ፣ ለባለቤቱም በዚያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ።