ጥቆማ፦ ለዘንድሮ ቅልቅል የታጠበና ያልታጠበ ቡና በደሴ

በደሴ ጥሩ ቡና የት እንደሚገኝ ለምትጠይቁ ሁሉ አንድ ምክር አስቀድማለሁ፤ ሻጩን «የሐረር ነው ወይስ የሲዳማ?» ከማለታችሁ በፊት «የታጠበ ነው ወይስ ያልታጠበ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከአንዱ የይርጋጨፌ ማሳ የተለቀመ እሸት ቡና በሁለቱም መንገድ ሊዘጋጅ ስለሚችል፣ የአገሩ ስም ብቻውን ሲኒው ውስጥ ምን እንደሚጠብቃችሁ አይነግራችሁም።

የሚታጠበው ቡና ቀዩ ፍሬ በተለቀመ ዕለት በማሽን ይፈለፈልና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ገንዳ ውስጥ ይቆያል፤ ፍሬው ላይ የቀረው የሚያዳልጥ ጣፋጭ ሽፋን በዚያ ተፈትቶ በውኃ ይለቃል፣ ከዚያም ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ሲጠጣ ቀለል ያለ፣ ጥርት ያለ ኮምጠጥ ማለትና የአበባ መዓዛ ያለው ይሆናል። ያልታጠበው ግን ከነሥጋው ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሆንና ኋላ ይቀሸራል፤ የፍሬው ስኳር አብሮት ስለሚቆይ ወፈር ያለና የበሰለ ፍራፍሬ ጠረን ያለው ነው። ነገር ግን ጀንፈሉ ተከምሮ በየጊዜው ካልተገላበጠ ይሻግታል፤ ያን ጣዕም ምንም አቆላል አያድነውም።

ከግዢ ቦታዎቹ ሁሉ እኔ የማስቀድመው የሸዋበርን የጥሬ ቡና ሻጮች ነው፤ ምክንያቱም እህሉን በእጃችሁ ዘግናችሁ ማየት ትችላላችሁ። የታጠበው ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ያደላል፣ ያልታጠበው ቢጫማ ሆኖ ስስ ቆዳው ተጣብቆበት ይታያል። በአገር ውስጥ ገበያ ከምናገኘው ብዙው ለውጭ ሲበጠር የቀረ በመሆኑ ጥቁሩንና የተነቀዘውን ለመልቀም ግማሽ ሰዓት መድቡ።

ቆልተው ፈጭተው የሚሸጡት ቤቶች ጊዜ ለሌለው ሰው ይጠቅማሉ፤ ሆኖም ከመፈጨቱ በፊት የተቆላውን አሳዩኝ በሉ። በፍሬው መሃል ያለችው ስንጥቅ ነጣ ብላ ከቀረች የታጠበ ነው፣ ከጠቆረች ያልታጠበ ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ ቤት «የታጠበ» ተብሎ የሸጡልኝን አንድ ኪሎ እቤት ገብቼ ስመለከተው ስንጥቁ ሁሉ ጥቁር ነበር። ታሽጎ የሚመጣውን በተመለከተ፣ እኔ የሞከርኳቸው ለማሽን እንዲሆኑ ጠቆር ተደርገው የተቆሉ ስለነበሩ ለማኪያቶ እንጂ ለጀበና አልመክራቸውም።

የታጠበውንና ያልታጠበውን ሩብ ሩብ ኪሎ ገዝታችሁ ለየብቻ ቁሉ። አንድ ላይ ባደረግኋቸው ጊዜ በእኔ ምጣድ ላይ ያልታጠበው ቀድሞ ሲጠቁር የታጠበው ገና ነጣ ብሎ ነበር፤ ውጤቱም በአንድ ሲኒ ምሬትና ጥሬነት ሆነ። ከተቆሉ በኋላ ሲቀላቀሉ ለደሴ የምመርጠው ልክ ሁለት እጅ ያልታጠበ በአንድ እጅ የታጠበ ነው። ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ለጋ የተቆላ የታጠበ ቡና ብቻውን ሲፈላ ኮምጣጣነቱ ይበረታል። ውኃው ሁለት ዲግሪ ያህል ሞቆ በሚፈላባት በኮምቦልቻ እህቴ እኩል በእኩል ታደርጋለች፤ አቦሉ ጥሩ ነው፣ በረካው ግን ለእኔ ይሳሳብኛል።

ይህ ልክ አዲሱ ቡና ከገባ በኋላ ላሉት ወራት ነው። ክረምት ሲደርስ የታጠበው ኮምጣጣነት እየደከመ ስለሚሄድ እኔም ወደ እኩል በእኩል እወርዳለሁ፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ጥሬው እርጥበት እንዳይስብ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚበቃ አልገዛም።