ፕሮፔለር ከቀየርኩ ወዲህ ሞተሬ እሳት ሆነ፣ ባትሪ ልጨምር ወይስ ሞተር ልቀይር?

ቀዛፊው፦
ሰላም ሰዎች፣ 70 ሳንቲ የሚሆን የሪሞት ጀልባ አለኝ፣ ሞተሩ ባለ ካርቦን 540 ነው ባትሪው 7.2 ቮልት 3000 ሚሊአምፒር-ሰዓት። የድሮው ፕሮፔለር 30 ሚሊ ባለ 2 ክንፍ ፕላስቲክ ነበር፣ እሱ ሲሰበርብኝ እጄ ላይ የነበረውን 40 ሚሊ ባለ 3 ክንፍ ናስ ገጠምኩለት፣ ትልቅ ስለሆነ ይበልጥ ይገፋል ብዬ ነው። መጀመሪያ ወደኋላ ሄደብኝና የሞተሩን ሁለት ሽቦ አገላብጬ አስተካከልኩት። አሁን ሲነሳ ጉልበት አለው፣ ፍጥነቱ ግን ከድሮው እንኳን ሊበልጥ ያነሰ ነው የሚመስለኝ፣ 3 ደቂቃ ሳይሞላ ደሞ ስፒድ ኮንትሮለሩ (ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው) ይዘጋል። ሞተሩን ስነካው ጣቴን ነው የለበለበኝ። 11.1 ቮልት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ባስገባ ይሻለዋል ወይስ ሞተሩ ደክሟል?

ሙቅ ሽቦ፦
ኧረ ሊፖውን እንዳታስገባ!! ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ከአቅሙ በላይ ስላሸከምከው ነው። ፕሮፔለር በዚያው ዙር ለመሽከርከር የሚፈልገው ጉልበት ከስፋቱ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፣ በስፋቱ 5ኛ ፓወር ነው፣ ማለት ከ30 ወደ 40 ስትሄድ ቅርጹ ያው ቢሆን እንኳ 4 እጥፍ በላይ፣ ያንተ ደሞ 3ኛ ክንፍም አለው። ሞተሩ ያንን ስለማይችል ዙሩ ይወርዳል፣ ዙሩ ሲወርድ አምፒሩ ይወጣል። ባዶውን (ያለ ጭነት) ከሚዞረው ግማሽ ላይ ከደረሰ የሚበላው ኃይል ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ከዛ በታች ከወረደማ ምድጃ በለው። ባለ ካርቦን ሞተር የሚመቸው ባዶ ዙሩ 3/4ኛ ወይም ከዛ ትንሽ ከፍ ሲል ነው።

11.1 ብታስገባ አምፒሩ ቢያንስ በ1 ተኩል እጥፍ ይጨምራል፣ የሽቦው ሙቀት የሚሄደው ደሞ በአምፒሩ ስኩዌር ስለሆነ ከ2 እጥፍ ያልፋል፣ ስለዚህ ጭስ ነው የምታየው። በመጀመሪያ ለካ። ግን በተራ ቴስተር እንዳይሆን፣ አብዛኛው 10 አምፒር ላይ ነው የሚቆመው ቫልቮላውን ታቃጥላለህ፣ ዋትሜትር (አምፒርና ዋት የሚለካ) ባትሪውና ኮንትሮለሩ መሀል አስገባና ጀልባውን ባኞ ውስጥ ይዘህ ለ5 ሰከንድ ሙሉ ስጠው። ታስሮ ሲለካ በውሃ ላይ እየሄደ ካለው ከፍ ይላል፣ እሱን አስብበት።

ቀይ ባንዲራ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ሽቦ አገላበጥኩ ያለውን ሁላችሁም ዘላችሁታል። ናሱ ፕሮፔለር የግራ (ወደ ግራ እየዞረ የሚገፋ) ነው ማለት ነው፣ ሞተሩ አሁን በተቃራኒ ነው የሚዞረው። ሞተርህ ታይሚንጉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተገፋ ከሆነ (ካርቦኖቹ ከመሀል ትንሽ ዞረው የተቀመጡ ማለቴ ነው) በዚያ አቅጣጫ ጎበዝ ነው፣ በተቃራኒው ግን ብዙ ይበላል፣ ጉልበት ያጣል፣ ካርቦኑ ላይ ብልጭታ ይበዛል ኮሚውቴተሩንም (ካርቦኖቹ የሚነኩትን የሚዞር መዳብ) ያጠቁረዋል። ለማወቅ ቀላል ነው፣ ከሻፍቱ (ከሞተሩ ወደ ፕሮፔለሩ ከሚሄደው ዘንግ) ፍታውና ባዶውን በሁለቱም አቅጣጫ አዙረህ አምፒሩን አወዳድር፣ እኩል ከሆነ ታይሚንጉ መሀል ነው ግድ የለም፣ ካልሆነ ትንሽ የበላበት ጎኑ ትክክለኛው ነው።

ጎማ ጫማ፦
እኔ ደሞ ከሁሉም በፊት ሻፍቱን በእጅህ አዙረው ነው የምለው። ናሱ ከባድ ስለሆነ ትንሽ ባላንስ ካጣ የሻፍቱን ቱቦ ያንቀጠቅጠዋል፣ የሞተሩና የሻፍቱ መጋጠሚያ ቀጥ ካላለ ያለ ፕሮፔለር እንኳ 1 አምፒር በነጻ ይበላል። ቱቦው ውስጥ ያለው ግሪስ ከደረቀም እንዲሁ። የኔ አንዴ ለ2 ወር ሞተር ስወቅስ ቆይቼ የሞተሩ ማሰሪያ ብሎን ላልቶ ነበር 😅

ቀዛፊው፦
ለካሁት። ናሱ ባኞ ውስጥ 24 አምፒር!! ኮንትሮለሬ የ20 ነው፣ ይዘጋ አይዘጋ ምን ያርግ። ባዶውን ደሞ በድሮው አቅጣጫ 1.6 በአሁኑ 2.9፣ @ቀይ ባንዲራ እጅህን ስጠኝ። ሽቦውን መልሼ የቀኝ 32 ሚሊ ባለ 2 ክንፍ ገጠምኩ፣ ባኞ ውስጥ 13 አምፒር፣ ውሃ ላይ ሄዶ ከድሮው ፈጠን ይላል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሞተሩ ላይ እጄን ማሳረፍ ችያለሁ። 35 ልሞክር እንዴ? አንድ ነገር ደሞ፣ ሙሉ ስሰጠው የመሪው ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ይርገፈገፋል።

ሙቅ ሽቦ፦
35 መሞከር ትችላለህ ግን ስሌቱ በዚያው ዙር አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይልሃል፣ ዙሩ ስለሚወርድ ያን ያህል ባይደርስም ወደ 20ው ልትጠጋ ትችላለህ፣ እኔ ብሆን እዛው እቆም ነበር፣ ወይም ስፋቱን ሳልነካ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት) ትንሽ ከፍ ያለ 32 እፈልጋለሁ።

ቀይ ባንዲራ፦
ሰርቮው ከካርቦኑ ብልጭታ የሚመጣ ረብሻ ነው የሚመስለው። 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር 3 ፍሬ፣ አንዱ በሁለቱ ተርሚናል መሀል፣ ሁለቱ ከየተርሚናሉ ወደ ሞተሩ ቆርቆሮ። ቆርቆሮውን በአሸዋ ወረቀት ሳትፍቅ ስታኞ አይይዝልህም፣ የሪሲቨሩን (የሪሞቱን ሲግናል የሚቀበለውን) አንቴናም ከሞተር ሽቦ አርቀው። በተቃራኒ ሲዞር የቆየ ስለሆነ ኮሚውቴተሩንም ከፍተህ እየው፣ ጥቁር ከሆነ አጽዳውና በ3 ቮልት ያለ ጭነት ግማሽ ሰዓት አዙረው ካርቦኑ ቅርጹን እስኪይዝ።

ቀዛፊው፦
ጥቁር ነው 😬 ዛሬ ማታ እፈታዋለሁ።