«ወደን ነው የገባንበት» ያሉት የሞርሞን ሴቶች ቃል ይታመን?

አወያይ፦ ባለፈው ስለ ሞርሞኖች (በአሜሪካ በጆሴፍ ስሚዝ የተመሠረተችው ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች) ብዙ ሚስት ማግባት የተነሣው ክርክር መልክ ሳይዝ ስለተበተነ ዛሬ በአንድ ጥያቄ እንወስነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሞርሞኖች በሰፈሩባት በአሜሪካዋ ዩታ የኖሩ ብዙ ሴቶች በጋዜጣም፣ በመጽሐፍም፣ በአደባባይም «በጣውንትነት የምንኖረው ወደን ነው» ብለዋል። የታሪክ አንባቢ ይህን ቃላቸውን ይቀበል ወይስ አይቀበል? ዓመተ ምሕረቱን ሁላችሁም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፉ።

የታሪክ መምህርት፦ እኔ እንዳለ አልቀበለውም። ምክንያቴን በአንዲት ልጅ ልጀምር። ሔለን ማር ኪምባል ለቤተ ክርስቲያኒቱ መሥራች ለጆሴፍ ስሚዝ የተዳረችው በ1843 ግንቦት ላይ፣ በኢሊኖይ ግዛት በናቩ ከተማ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷን ለመድፈን ገና ጥቂት ወራት ይቀሯት ነበር። እሱ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ኤማም በቤቱ አለች። ነገሩን መጀመሪያ ያነሣባት የገዛ አባቷ ሄበር ኪምባል ነበር፤ ሐዋርያት ከሚባሉት የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች አንዱ። እንድታስብበት የተሰጣት ጊዜ ሃያ አራት ሰዓት ነው። ከዚያ ስሚዝ ራሱ መጥቶ፣ ይህን ብታደርጊ የአንቺም፣ የአባትሽ ቤትም፣ የዘመዶችሽ ሁሉ ዘላለማዊ ድኅነት ይጸናል አላት። ይህን የጻፈችው ራሷ ሔለን ናት፤ በ1881 ለልጆቿ በተወችው ማስታወሻ። እንግዲህ ይህች ልጅ እምቢ ብትል እምቢታዋ የሚያርፈው በእናትና አባቷ ነፍስ ላይ ነው። የዚህን ሁሉ ሸክም ተሸክማ የሰጠችውን «እሺ» ፈቃድ ብዬ ለመመዝገብ እጄ አይታዘዝልኝም።

የሕግ ባለሙያው፦ እህቴ መምህርት፣ የሔለንን ታሪክ ግማሹን ብቻ ነው የነገርሽን። ይህችው ሴት በ1882 እና በ1884 ብዙ ሚስት ማግባትን የሚሟገቱ ሁለት ጽሑፎች በስሟ አሳትማለች። ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ወልዳ ያሳደገች፣ ባል ሞቶባት ሌላ ያገባች፣ ሁለተኛው ባሏም ሌላ ሚስት ሲያመጣ አብራ የኖረች ሴት ናት። የልጅቷን እሺታ አትቀበዪ፤ በዚህ አልከራከርሽም። የትልቋን ሴት ቃል ግን በምን ሥልጣን ትሰርዢዋለሽ?

ደግሞም «ነፃ እናውጣቸው» ያሉትን ሰዎች ሥራ ተመልከቺ። የዩታ ሴቶች በ1870 የመምረጥ መብት አገኙ፤ በአሜሪካ ከማንም ቀድመው ካገኙት ወገን ናቸው። ያንን መብት የነጠቃቸው የገዛ ባሎቻቸው ሳይሆኑ የዋሽንግተን ምክር ቤት ነው፤ በ1887 ብዙ ሚስት ማግባትን ለማጥፋት ባወጣው ኤድመንድስ ታከር በተባለው ሕግ። በ1883 ቤል ሃሪስ የተባለች ሴት ስለ ጋብቻዋ አልመሰክርም በማለቷ ጨቅላ ልጇን ታቅፋ እስር ቤት ገብታ ለወራት ተቀምጣለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትስ በ1879 በሬኖልድስ ጉዳይ የብዙ ሚስት ክልከላን ያጸናበት ፍርድ በምን ላይ ቆመ? አንደኛው መከራከሪያው ይህ ልማድ በሰሜንና በምዕራብ አውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ ምንጊዜም የተጠላ መሆኑና ሞርሞኖች እስኪመጡ ድረስ የእስያና የአፍሪካ ሰዎች አኗኗር ብቻ ነበር ለማለት የሚያስደፍር መሆኑ ነው። እኛ አፍሪካውያን አንባቢዎች ይህን ዓረፍተ ነገር ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። የሴቶቹን ቃል የማይቀበል ሰው ከእንዲህ ዓይነት ዳኞች ጎን መቆሙን ይወቀው።

የታሪክ መምህርት፦ እርስዎ የጠቀሱት ፍርድ በእብሪት የተጻፈ ነው፤ ሕጉም ሴቶቹን ቀጥቷል። አሳዳጁ ጨካኝ መሆኑ ግን የተሳዳጁን ቤት ንጹሕ አያደርገውም። ሔለን በ1880ዎቹ ስትጽፍ ከአንድ ሺህ በላይ ወንዶች ወደ እስር ቤት የተላኩበት ዘመቻ እየተጀመረ ነበር። ባሏ፣ ወንድሟ፣ ጎረቤቷ ሊታሰር ባለበት ሰዓት ብዕር ያነሣች ሴት የጓዳዋን ኀዘን ለጠላት ጋዜጣ አታቀብልም። ለልጆቿ ብቻ ስትጽፍ ግን ያ ቀን ምን ያህል እንደመረራት ነገረቻቸው። ሁለቱም ጽሑፍ የእሷ ነው። እኔ የምለው ለማን እንደተጻፈ ይታይ ነው።

ነዋሪነቴ ሶልት ሌክ፦ እዚህ ከተማ ለዓመታት ስለኖርኩ አንድ ነገር ልጨምር። በመሀል ከተማው ከስሚዝ በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱን በዩታ የመራው የብሪገም ያንግ ቤት እስከ ዛሬ አለ፤ በበሩ ላይ የድንጋይ አንበሳ ተጋድሞበታል። በላይኛው ፎቅ በጣሪያው ግራና ቀኝ ሹል መስኮቶች በተርታ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ መስኮት ጀርባ አንድ ክፍል አለ። ሚስቶቹና ልጆቹ በግልጽ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ የኖሩበት ቤት ነው። ናቩ ላይ እንዲህ ያለ ቤት አልነበረም። እናንተ ሁለታችሁ የምትከራከሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስለኛል።

በናቩ ሁሉም ነገር ምስጢር ነበር። ስሚዝ በአደባባይ ይክድ ነበር፤ ብዙ ሚስት ስለማግባት የተነገረው ራእይ በ1843 ሐምሌ በወረቀት ቢሰፍርም ለሕዝብ የታወጀው እሱ ከተገደለ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1852 በዩታ ነው። ከዚያ ወዲያ አንዲት ልጃገረድ ስታገባ የምትገባበትን ታውቃለች። በ1870 ከዩታ ሕዝብ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ይኖር እንደነበር ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ጽፋለች። ያልተስማማትም ትፈታ ነበር፤ ብሪገም ያንግ ከ1,600 በላይ ፍቺ ፈቅዷል። ስለዚህ የዩታዋን ሴት ቃል እቀበላለሁ፤ የናቩዋን እጠራጠራለሁ። ዛሬማ ዋናዋ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ሚስት ያገባን አባል ከማኅበሯ ትለያለች፤ በዜና የምንሰማቸው ባለ ብዙ ሚስቶች ተገንጥለው የወጡት ናቸው። ይህን የምለው ጎረቤቶቼ በየጊዜው በማያውቁት ሰው ሥራ ሲጠየቁ ስለማይ ነው።

መጽሐፍ አገላባጭ፦ ስለ መጻሕፍቱም እንነጋገር፤ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከልብ ወለድ ነውና። ሼርሎክ ሆምስ መጀመሪያ ብቅ ባለበት በ1887ቱ የኮናን ዶይል ልብ ወለድ ውስጥ ሞርሞኖች ልጃገረድ በግድ የሚያጋቡ ነፍሰ ገዳዮች ሆነው ተሥለዋል። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ ዩታን በዓይኑ አላያትም። ከብሪገም ያንግ ተፋትታ የወጣችው አን ኤላይዛ ያንግ ደግሞ በ1870ዎቹ ታሪኳን አሳትማ በየከተማው እየዞረች ንግግር ታደርግ ነበር። የእሷ ቁስል እውነተኛ ነው፤ የሸጠችው ግን ሊሰማላት ለጓጓ ሕዝብ ነው። በ1945 ፎን ብሮዲ የስሚዝን የሕይወት ታሪክ ጻፈች፤ በማግስቱ ዓመት ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአባልነት ለየቻት። በ1984 ሊንዳ ኒዌልና ቫሊን አቬሪ የኤማን ታሪክ ባወጡ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ስለ መጽሐፋቸው እንዳይናገሩ ለወራት ታገዱ። ቶድ ኮምፕተን በ1997 የስሚዝን ሠላሳ ሦስት ሚስቶች ታሪክ አንድ በአንድ አወጣ፤ በእሱ ቆጠራ አሥራ አንዱ ሌላ ባል በሕይወት ያላቸው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በበኩሏ ቁጥሩ ከሠላሳ እስከ አርባ እንደሚገመት በይፋ የጻፈችው በ2014 ነው።

እኔን ያሳመነችኝ ግን የታሪክ ጸሐፊዋ ሎረል ታቸር ኡልሪክ ናት። የ2017 መጽሐፏ የቆመው በአብዛኛው በዘመኑ በተጻፉ የዕለት ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎች ላይ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የሚጻፍ ትዝታ ክርክር ያዘለ ነው። የዕለቱ ማስታወሻ ግን ዱቄት ስለማለቁና ስለ ልጅ ትኩሳት እያወራ መሀል ላይ ባልየው ሌላ ማግባቱን በግማሽ መስመር ጣል አድርጎ ያልፋል። መምህርት፣ እርስዎ የሚፈልጉት ምስክርነት ያለው እዚያ ግማሽ መስመር ላይ ይመስለኛል።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና ጆሴፍ ስሚዝ ከኤማ በቀር ማንንም አላገባም። ሁሉንም የፈጠረው ብሪገም ያንግ ነው። ኤማ በ1879 ለልጇ ይህንኑ ተናግራ ሞታለች። ከዩታዋ ተለይታ በልጇ የተመራችው ቤተ ክርስቲያንም ለብዙ ዘመን ይህንኑ አስተምራለች።

የሕግ ባለሙያው፦ ወንድሜ፣ በዚህ ነገር እኔና መምህርት አንድ ነን። ኤማ መካዷ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የስሚዝ ሚስቶች ነበርን ብለው በ1869 በቃለ መሐላ የመሰከሩትን ሴቶች፣ በ1892 በፍርድ ቤት ቀርበው መስቀለኛ ጥያቄ የተጠየቁትን ጨምሮ፣ ሁሉንም ዋሽተዋል ልትል ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ምስክር በአንድ ባለጉዳይ ክህደት አይወድቅም፤ በየትኛውም ችሎት።

የታሪክ መምህርት፦ በ1892 ከመሰከሩት አንዷን ልንገርህ። ኤሚሊ ፓርትሪጅ አባቷ ሞቶ ከእህቷ ከኤላይዛ ጋር በስሚዝ ቤት እየሠራች ትኖር ነበር። በ1843 መጋቢት ከስሚዝ ጋር በምስጢር ተጋባች፤ ከቀናት በኋላ ኤላይዛም እንዲሁ። ኤማ አታውቅም። በግንቦት ኤማ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ለባሏ ሌሎች ሚስቶች ልትፈቅድ ተስማማችና ራሷ እንድትመርጥ ተደረገ። የመረጠችው ሁለቱን እህትማማቾች ነው። ማንም እውነቱን አልነገራትም፤ ሠርጉ እሷ ባለችበት እንደ አዲስ ተደገመ። በዚያ ቀን ኤማ ፊት ቆማ «እሺ» ያለችውን ኤሚሊን አስቧት፤ ከሁለት ወር በፊት የተጋባችውን ሰው እመቤቷ እያየች እንደገና ታገባዋለች። ኤማ ብዙም ሳትቆይ ተጸጽታ ሁለቱን ከቤት አስወጣቻቸው። ኤሚሊ ስሚዝ ከሞተ በኋላ የብሪገም ያንግ ሚስት ሆነች፤ እምነቷንም አልተወችም።

ሆነ ወይስ አልሆነም ለሚለው ኤሚሊን ሙሉ በሙሉ አምናታለሁ። ወዳ ነው ወይ ለሚለው ግን ምስጢሩ መልሱን በልቶታል። ኤማ ያልተነገራትን ነገር ልትፈቅድ አትችልም፤ ኤሚሊም እናቷን እንኳ ሳታማክር የወሰነችው ውሳኔ ነው።

የሕግ ባለሙያው፦ ስለ ናቩ ያልሽውን ልቀበል። ማርታ ሂውዝ ካነንንስ? ሐኪም ናት፤ የኖረችው በዩታ ነው፤ አራተኛ ሚስት ሆና ስታገባ ተምራ የጨረሰች ሴት ነበረች። በ1896 ለዩታ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተወዳድራ ባሏም ዕጩ በነበረበት ምርጫ አሸንፋ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የግዛት ሴናተር ሆናለች። ባሏ አራት ሚስት ያለው ሴት በየወሩ የሦስት ሳምንት ነፃነት አላት ያለችው እሷ ናት። ይህቺን ሴት ማን አስገደዳት?

የታሪክ መምህርት፦ ማንም። እሷን አምናታለሁ። ነገር ግን በ1886 ባሏ ላይ ምስክር እንዳትሆን ጨቅላ ልጇን ይዛ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደች፤ ከዚያ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በብቸኝነት የተሞሉ ናቸው። ለጋዜጠኛ የተናገረችውን ስንጠቅስ ደብዳቤዎቹንም አብረን እናንብብ።

ነዋሪነቴ ሶልት ሌክም ናቩንና ዩታን በአንድ መስመር ለይቶ አቆመልን፤ ታሪኩ ግን በ1852 አደባባይ ወጥቶ በዚያው አልቀረም። በ1890 የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ዊልፎርድ ዉድረፍ ጋብቻው እንዲቆም ካወጀ በኋላ እስከ 1904 ድረስ ከ200 በላይ ጋብቻዎች ተደብቀው ተፈጽመዋል፤ ከፊሉ ሜክሲኮ ተሻግሮ። የታሪክ ተመራማሪው ማይክል ክዊን ይህን በ1985 በሰነድ አስደግፎ ባወጣ ጊዜ ብዙ ችግር ደርሶበታል፤ በ1993ም ከቤተ ክርስቲያኒቱ ተለይቷል። በእነዚያ ዓመታት ያገቡት ሴቶች ለጎረቤት «ባሌ» ብለው ሊጠሩት የማይችሉትን ሰው ነው ያገቡት። ለጋዜጣ «ወደን ነው» ብለው የሚጽፉበት ዕድል እንኳ አልነበራቸውም። ጋሼ፣ የእነዚህን ሴቶች ቃል ከየት እናምጣው?