ተራኪው አስጠልቷችሁ ልቦለድ ያቋረጣችሁ አላችሁ?

ሰፊዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። እጄ ከጨርቅ ስለማይላቀቅ ልቦለድ የምጨርሰው በጆሮዬ ነው። ሰሞኑን ወንድሜ «ሳትሰሚው እንዳትቀሪ» ብሎ አንድ ትረካ ላከልኝ። ታሪኩ ልብ ይሰቅላል። ተራኪው ግን ሴት በተናገረች ቁጥር ድምፁን አቅጥኖ ይሞላቀቃል። እናትየዋ የልጇን መርዶ ስትሰማ እንኳ ያው ነው! አጠገቤ ጥልፍ የምትሠራው ልጅ «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። መርዶ ላይ እኮ ነው የምስቀው።

እሱስ ይሁን፤ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ይውጠዋል። በአማርኛ ደግሞ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ገደላት ይሁን ማራት፣ መጣ ይሁን ቀረ፣ የጨርቅ ጠርዝ የምሰፋበት ማሽን፣ ኦቨርሎኩ፣ ሲነሳ አብሮ ይጠፋብኛል። ከሥሩ የማያቋርጥ ዋሽንትም አለ። እናንተ እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ትታገሣላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ?

የ4 ኪሎው፦
ፍጥነቱን 1.25 አድርጊው። መሞላቀቁም ያጥራል። እኔ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደዚያ ነው የምጨርሰው።

ሰፊዋ፦
ሞክሬዋለሁ ወንድሜ። ሴትየዋ ጭራሽ ወፍ ሆና አረፈችው።

የድሮ አድማጭ፦
ልጄ፣ እኛን ያበላሸን ወጋየሁ ንጋቱ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ቢሆንም ስንቱ ሰው የሚያውቀው እሱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ነው። ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሣ ሲነጋገሩ «አለ» እስኪባል አትጠብቂም፤ ማን እንደተናገረ በድምፁ ትለያለሽ። ሰውየው የመድረክ ሰው ነበር። በ2010 ያረፈው ፍቃዱ ተክለማርያምም እንደዚያው። ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ሰው መናገር የለመደ ተዋናይ የቃል ጭራ አይውጥም። ደግሞ የእኛ ፊደል ማጥበቅና ማላላቱን አያሳይም፤ ገጹን አስቀድሞ ያላነበበ ተራኪ እየተደናቀፈ ነው የሚሄደው። ያንቺው ሰውዬ ሳያነበው ማይክ ፊት የተቀመጠ ይመስለኛል።

ካዛንቺሷ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የወጋየሁ ነገር በእኔ ተቃራኒውን ነው የሠራው። በኋላ መጽሐፉን ገዝቼ ሳነብ ጉዱ ካሣ በሌላ ድምፅ አልናገር አለኝ። ትረካው ግሩም ነው፣ አልክድም። ግን የራሴን ጉዱ ካሣ የማየት ዕድሌን ወሰደብኝ። ስለዚህ ገና ላላነበብኩት ልቦለድ ቀዝቀዝ ያለ፣ ብዙ የማይተውን ሰው እመርጣለሁ።

የድሮ አድማጭ፦
ምን ላድርግ ልጄ፣ እኔ የወጋየሁ ጉዱ ካሣ ይበቃኛል።

ሰፊዋ፦
ቀዝቃዛ አንባቢ እኔ ላይ እንቅልፍ ያመጣል፤ መርፌ ይዞ ደግሞ በእንቅልፍ አይቀለድም። ጋሼ፣ ስለ ቃል ጭራ ያሉት ግን ልክ ነው። አሁን ሳስበው ማቅጠኑን እስቄም ቢሆን እችለው ነበር፤ የመረረኝ መዋጡ ነው። ጎበዝ ተራኪ ያለው ሌላ ትረካ ላይ ያው ኦቨርሎክ እየጮኸ አንድም ነገር አያመልጠኝም።

ለማንኛውም ትናንት እዚሁ ብሔራዊ ጋ ከመጽሐፍ አዟሪዎቹ ወረቀቱን ገዛሁት። በምሳ ሰዓት ጥልፍ ሠሪዋ ታነብልኛለች። ድምፅ መቀየር የሚባል ነገር አታውቅም፤ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም እሷው ናት። መርዶው ጋ ስትደርስ ግን ዝም አለች፤ መጽሐፉን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ቆይ፣ ማነው እንዲህ አድርጎ የሚነግራት?» ብላ ተቆጣች። በዚህ አካሄድ ልቦለዱ እስከ ጾሙ ፍቺም አያልቅልን።

የጨረሳችሁት ካላችሁ መጨረሻውን እዚህ እንዳትጽፉብኝ።