ክርክር (መስከረም 2018 ዓ.ም.)፦ የመስከረሙ ድራማ በየሳምንቱ ይምጣ ወይስ በአንድ ቀን ይለቀቅ?

የመስከረም ተመልካች፦
አደይ አበባው ሳይጠወልግ የአሜሪካ ጣቢያዎችም የራሳቸውን ዘመን መለወጫ ሊከፍቱ ነው። የ2025–26 ሲዝን የሚጀምረው ሰኞ መስከረም 12 ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 22። አራቱ ትልልቅ ጣቢያዎች (ኔትወርኮች)፣ ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ፎክስ፣ ሦስት ወር ሙሉ በድጋሚና በጥያቄና መልስ ውድድር ሲያባብሉን ከርመው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ሊዘረግፉት ነው። ደስታዬን መደበቅ አልችልም። በዚሁ ሞቅታ ሁሌ የሚያጣላንን ጥያቄ ላንሳው፦ ተከታታይ ድራማ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል እየሆነ ይምጣ ወይስ ሙሉው ሲዝን በአንድ ቀን ይለቀቅ? ቁጥር ያለው ቁጥር ያምጣ። ቀኑን ሁላችንም በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፈው፣ አለዚያ እንደተለመደው መደናገር ነው።

ሪሞት ያዥ፦
በአንድ ቀን! የኔትወርክ «የአንድ ሰዓት» ድራማ ማስታወቂያው ሲወጣለት 42 ወይም 43 ደቂቃ ነው። «የግማሽ ሰዓት» ኮሜዲው ደግሞ 21 ወይም 22። 22 ክፍል ያለው ድራማ ተደምሮ 15 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ለ15 ሰዓት ተኩል ስምንት ወር መጠበቅ ምን የሚሉት ነው? ኔትፍሊክስ በፌብሩዋሪ 1፣ 2013 የ«ሃውስ ኦፍ ካርድስ»ን 13 ክፍል ባንዴ ሲለቅ ሪሞቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

ስክሪፕት ጠባቂ፦
የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።

ሪሞት ያዥ፦
እህቴ፣ ቁጥር ይምጣ ነው የተባለው፣ ተረት አይደለም 😄

ቆራጩ፦
ቁጥሩን እኔ ላምጣ። ስምንት ወሩ ከቀረጻው ሒሳብ የመጣ ነው፣ ጣቢያዎቹ ሊያስጠብቁህ ፈልገው አይደለም። የአንድ ሰዓት ድራማ አንዱ ክፍል በተለምዶ 8 የቀረጻ ቀን ይወስዳል። በሳምንት 5 ቀን ከተሠራ አንድ ክፍል ማለት አንድ ሳምንት ከሦስት ቀን ነው። 22 ክፍል 176 ቀን ይሆናል፤ ይህም 35 ሳምንት ነው። ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ሜይ መጨረሻ ስንት ሳምንት አለ? 35። ድራማው ያን ያህል የሚዘረጋው ለዚህ ነው።

ችግሩ ያለው ስርጭቱ በየ7 ቀኑ አንድ ክፍል የሚበላ፣ ቀረጻው ግን በየ7 ቀኑ አንድ ክፍል የማይወልድ መሆኑ ላይ ነው። ቀረጻው ጁላይ አጋማሽ ቢጀመር በመክፈቻው ዕለት 10 ሳምንት፣ ማለትም 50 የሥራ ቀን አልፎታል፤ 6 ክፍል ተቀርጿል። ቅንብሩ፣ ድምፁ፣ ሙዚቃውና የቀለም እርማቱ ለእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ሳምንት ስለሚጨምሩ ከስድስቱ ሦስቱ ብቻ ዝግጁ ናቸው እንበል። በየሳምንቱ አንድ ይወጣል፣ የሚገባው 0.625 ነው፤ ጎታው በሳምንት 0.375 ክፍል ይጎድላል። ሦስት ክፍል በስምንት ሳምንት ያልቃል። ስምንት ሳምንት ደግሞ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ያደርስሃል። ድጋሚው የሚበዛው ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ካለው ከአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን ወዲህ የሆነው ስለዚህ ነው።

ይህም ሁሉ ነገር በሰላም ከሄደ ነው። አንዱ ዳይሬክተር ሲቀርጽ ሌላው በእነዚያው 8 ቀናት የሚቀጥለውን ክፍል ያዘጋጃል፤ ቦታ ይመርጣል፣ ተዋንያን ይለያል። ስክሪፕቱ ዘግይቶ ከደረሰው ዝግጅቱ ወደ 4 ቀን ይጨመቅና ቀረጻው 9ኛና 10ኛ ቀን ይደርሳል። ያ ትርፍ ወጪ ከሌላ ክፍል ላይ ይቀነሳል። ዋና ተዋንያኑ ብቻ ሊፍት ወይም አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው 43 ደቂቃ ሲከራከሩ ካየህ ገንዘቡ ቀደም ባለው ክፍል አልቋል ማለት ነው። (አንዳንዴ ከሲዝኑ ሁሉ ምርጡ እሱ ይሆናል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ሪሞት ያዥ፦
ወንድሜ፣ ለእኔ ነው የተከራከርክልኝ። ጎታው እንደሚጎድል ካወቁ መጀመሪያ ሁሉንም ቀርጸው ለምን አይለቁትም? ኤቢሲ በ2006 የ«ሎስት»ን ሦስተኛ ሲዝን 6 ክፍል አሳይቶ ኖቬምበር 8 ላይ ዘጋ፣ የተመለሰው ፌብሩዋሪ 7፣ 2007 ነው። 13 ሳምንት! ሰው ታሪኩን ረሳው። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ራሳቸው መንገድ ቀየሩ፤ የቀሩትን 48 ክፍሎች ለሦስት ሲዝን 16 ለ16 ከፍለው ያለ ማቋረጥ ለማሳየት ወሰኑ። ፎክስም የ«ትዌንቲፎር»ን 24 ክፍል ከ2005 ጀምሮ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ሳያቋርጥ አውጥቷል።

ቆራጩ፦
ያ ያለ ማቋረጥ እንጂ ባንዴ አይደለም። በየሳምንቱ ነበር።

የመስከረም ተመልካች፦
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሪሞት ያዥ፦
እንቁላሉ ዲሴምበር ሲደርስ አምስት ሳምንት ቁጭ ይላል እኮ።

አስተዋዋቂው፦
ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሳም። ወቅቱ ከሬዲዮ ዘመን የተወረሰ ነው። ትልልቆቹ ፕሮግራሞች 39 ሳምንት ሠርተው 13 ሳምንት ያርፉ ነበር፤ በ1950ዎቹ ቴሌቪዥኑም በዓመት እስከ 39 ክፍል ያወጣ ነበር። እረፍቱ በእነሱ በጋ ነው፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ሰው ውጭ በሚያመሽበት ጊዜ። የመኪና አምራቾችም አዲስ ሞዴላቸውን የሚያወጡት በዚያው በመከር ወቅት ስለነበር ማስታወቂያውና ድራማው አብረው ይከፈቱ ነበር።

የዓመቱ ማስታወቂያ አብዛኛው የሚሸጠው ሜይ ላይ ኒውዮርክ ውስጥ ነው፣ ድራማው ገና ሳይታይ። ከ2007 ጀምሮ የሚሸጠው መለኪያ ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ የታየው ማስታወቂያ ነው፤ ቆይቶ የ7 ቀን ስምምነትም መጣ። ስለዚህ «ቀድቼ ወር ላይ አየዋለሁ» ያለ ሰው ለዚያ ሽያጭ አይቆጠርም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በአንቴና የምታዩት ቤታችሁ ተመልካች ከሚቆጥረው ከኒልሰን ኩባንያ ናሙና ውስጥ ከሌለ ላይቆጠር ይችላል። በኩባንያው መተግበሪያ የምታዩትን ግን ኩባንያው ራሱ ያውቀዋል። አዲስ ድራማ እንዳይሰረዝባችሁ የምትሰጉ በመተግበሪያው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ እስከ መጨረሻው እዩት።

ሪሞት ያዥ፦
ስለ መሰረዝ ካነሳህ «ፋየርፍላይ» የት ደረሰ? ፎክስ በሴፕቴምበር 20፣ 2002 ዓርብ ማታ ላይ ጣለው። ገጸ ባሕርያቱን የሚያስተዋውቀውን የመክፈቻ ክፍል ወደ ጎን ብሎ ሁለተኛውን አስቀደመ፤ መክፈቻው የወጣው ዲሴምበር 20 ነው፣ ከተሰረዘ በኋላ! 14 ተሠርቶ የታየው 11። ባንዴ ቢለቀቅ ኖሮ ቅደም ተከተሉን ማን ያዛባው ነበር?

አስተዋዋቂው፦
እሱ እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ግን ኔትፍሊክስም ይሰርዛል፤ ልዩነቱ ውሳኔው የሚመጣው ሁሉም ተቀርጾ፣ ሁሉም ታይቶ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። በኔትወርኩ የቆየው አሠራር መጀመሪያ 13 ክፍል ማዘዝ፣ ከያዘ 9 መጨመር ነበር። 22 የሚባለው ቁጥር ከዚያ ነው የመጣው። መካከል ላይ የሚስተካከል ነገር አለ።

ስክሪፕት ጠባቂ፦
እዚህ ላይ ነው እኔ የምቆመው። የመስከረሙ ድራማ የመጀመሪያ ክፍሎች ሲታዩ ደራሲዎቹ የጃንዋሪውን እየጻፉ ነው። ለሦስት ትዕይንት የገባ ረዳት ተዋናይ ተመልካቹን ከያዘው እስከ ፌብሩዋሪ ዋና ሰው ይሆናል። የማይሠራ የፍቅር ታሪክ ካለ በ12ኛው ክፍል ይቋረጣል። ባንዴ የሚለቀቀው ላይ ስህተቱ ከ1 እስከ 8 እንደተጋገረ ነው።

ሥራውም አለ። በ22 ክፍል ድራማ ደራሲው ዓመቱን አብዛኛውን በሥራ ላይ ነው፤ የራሱ ክፍል ሲቀረጽ ቦታው ላይ ተገኝቶ ይማራል። ባንዴ በሚለቀቀው የ8 ክፍል ሥራ ጥቂት ሰዎች ለጥቂት ሳምንት ተሰብስበው ጽፈው፣ ካሜራ ሳይነሳ ይበተናሉ። በ2023 ደራሲዎቹ ከሜይ 2 እስከ ሴፕቴምበር 27፣ 148 ቀን ሥራ ያቆሙት በከፊል ለዚህ ነው። በተገኘው ስምምነት እስከ 6 ክፍል ላለው ቢያንስ 3 ደራሲ፣ ከ7 እስከ 12 ላለው 5፣ 13ና ከዚያ በላይ ላለው 6 ይቀጠራል፤ ፈጣሪው ብቻውን ሁሉን ካልጻፈ በቀር። ተዋንያኑም ከጁላይ 14 እስከ ኖቬምበር 9 አድመው ስለነበር የዚያ ዓመት መከር የውድድርና የድጋሚ ሆኖ አለፈ፣ አዳዲሶቹ ድራማዎች የመጡት በአብዛኛው ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ነው። መስከረም ያለ ድራማ ምን እንደሚመስል ያኔ ታይቷል።

ከቦሌ ሌሊት፦
አዲስ አበባ ላለነው ይህ ሁሉ ሌላ ነው። የዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት እዚህ ከሌሊቱ 9 ነው። ኖቬምበር 2 ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ከሌሊቱ 10 ይሆናል። ቁርስ ሳይቀርብ ፌስቡክ ላይ ማን እንደሞተ ይነገረናል። ኔትፍሊክስ ብዙውን ጊዜ በካሊፎርኒያ እኩለ ሌሊት ስለሚለቅ እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው (ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 5)፣ ሁላችንም እኩል እንጀምራለን።

ሪሞት ያዥ፦
አሜን በሉ!

ስክሪፕት ጠባቂ፦
እኩል ትጀምራላችሁ፣ እኩል ግን አትጨርሱም። አንዱ በማግስቱ 8ኛው ላይ ነው፣ ሌላው 2ኛው ላይ፤ ስለምን ትነጋገራላችሁ? በየሳምንቱ ሲሆን ቢያንስ ስፖይሉ (ታሪኩን ላላየ ሰው ቀድሞ መንገሩ) የአንድ ክፍል ነው።

ቆራጩ፦
የስትሪሚንጉ (በኢንተርኔት የሚያሳዩት) ሰፈር ራሱ ወደኋላ እየተመለሰ ነው። ዲዝኒ ፕላስ በኖቬምበር 2019 «ማንዳሎሪያን»ን ይዞ ሲከፍት በየሳምንቱ ነበር። አፕልም ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ክፍል ያስቀምስና ሌላውን በየሳምንቱ ያወጣል። ኔትፍሊክስ በ2022 የ«ስትሬንጀር ቲንግስ»ን አራተኛ ሲዝን ለሁለት ከፍሎ ሜይ 27ና ጁላይ 1 ለቀቀ፣ ከአንድ የክፍያ ወር በላይ እንድትቆይ።

ለመሆኑ ሪሞት ያዥ፣ የኤቢሲው በማግስቱ «ሁሉ» (Hulu) በሚባለው መተግበሪያ ላይ፣ የኤንቢሲው ፒኮክ ላይ፣ የሲቢኤሱ ፓራማውንት ፕላስ ላይ ይገኛል። ሜይ ድረስ ታገስና የአንድ ወር ክፍያ ከፍለህ 22ቱንም ባንድ ቅዳሜና እሁድ እያቸው። በየሳምንቱ የመጣን ነገር አጠራቅሞ ባንዴ ማየት ይቻላል። ባንዴ የተለቀቀን ነገር ግን ለሁሉም ሰው በየሳምንቱ ማድረግ አይቻልም።

ሪሞት ያዥ፦
…እሺ፣ ይቺን ላስብባት።

ጋሽ አንቴና፦
ልጆች፣ «ሁሉ»፣ ፒኮክ፣ ኔትፍሊክስ ትላላችሁ፤ ሁሉም ወርሃዊ ክፍያ ነው። የመስከረሙ ሲዝን ዋናው ጥቅሙ አሜሪካ ውስጥ በአየር ላይ በነጻ መገኘቱ ነው። ባንዴ ይለቀቅ ማለት ከነጻው አየር ወደ ክፍያው ይሂድ ማለት ነው።

ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ በየዓመቱ «4ና 5 ይሠራል፣ 7ና 9 ግን እምቢ አለ» ትላላችሁ። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ኤንቢሲ 4 እና ፎክስ 5 ስማቸው ነው እንጂ ስርጭታቸው ሞገዱ አጠር ባለው በዩኤችኤፍ (UHF) ቻናል 34ና 36 ላይ ነው። ኤቢሲ 7 እና ሲቢኤስ 9 ግን እስካሁን ሞገዱ ረዘም ባለው በቪኤችኤፍ (VHF) ላይ ናቸው፣ በዚያው በ7ና በ9። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት መሳዩ አንቴና ለዩኤችኤፍ የተሠራ ነው፤ ረጅሙን ሞገድ አይዝም።

ሁለት ቀንድ ያለውን የድሮውን ዓይነት ግዙ። እያንዳንዱን ቀንድ ወደ 38 ሳንቲሜትር ሳቡት፤ ሙሉ በሙሉ ከሳባችሁት ለእነዚህ ጣቢያዎች ይረዝማል። ግራና ቀኝ ከፍታችሁ ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ማማው አቅጣጫ አዙሩ። ማጉያውን መጀመሪያ ንቀሉት፣ ማማው ቅርብ ከሆነ ሲግናሉን ያፍነዋል። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ቪኤችኤፍን ይረብሻሉ፤ ምስሉ ከተቆራረጠ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ፈትሹ። በመጨረሻ ከቴሌቪዥኑ ሜኑ ቻናሎቹን እንደገና አስፈልጉ፤ አንቴናውን አንቀሳቅሳችሁ ሳታስፈልጉ «አልመጣም» ማለት አይሠራም።

የመስከረም ተመልካች፦
ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። ለሰኞ ሁለት ጥያቄ፦ ቀንዶቹ አግድም ናቸው ወይስ ወደ ላይ? ስፖይልስ በዚህ ግሩፕ ስንት ቀን ይከልከል?

ጋሽ አንቴና፦
አግድም።

ከቦሌ ሌሊት፦
3 ቀን። የማስታወቂያውም ሒሳብ 3 ቀን አይደል?

ሪሞት ያዥ፦
ለእኔ እስከ ሜይ።