የጾም እንቁላል ለጎረቤት ይሰጥ ወይስ ይቅር?

የሆጤዋ፦ የደሴ ሰዎች፣ እስቲ ፍረዱኝ። 11 ዶሮ አለኝ። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ እንቁላሉን የሚነካው የለም፤ ጤፍ ውስጥ እየቀበርኩ ጋኑ ሞላ። እንደ ሁልጊዜው ለግድግዳ ጎረቤቴ ለሐጂያ፣ ለማፍጠሪያ ይሁናችሁ ብዬ 20 በሰፌድ ላክሁ። ምራቷ "የወፍ ጉንፋን አለ እየተባለ ነው" ብላ ከበር መለሰችው። ሐጂያ አፍራ ማታ ራሷ መጣች። ልጅቱ ልክ ናት?

ሰኞ ገበያ፦ ወላሂ ጉድ ነው! ወሎ ውስጥ እንቁላል ከበር ይመለሳል? ስንቱ ፈንግል መጥቶ ሄደ፣ ሰው ሞተ?

ከሐይቅ፦ አትፍረዱባት። ከመስከረም በኋላ ከአውሮፓ የሚመጣው ዳክዬ ሐይቁ ዳር ያርፋል፤ እሱ የኮሰበትን ጭቃ የኛ ዶሮዎች ሲጭሩት ይውላሉ። እኔ ብሆንም እፈራለሁ።

ሰኞ ገበያ፦ ከገበያ የምትገዛው እንቁላልስ ከማን ቆጥ እንደወረደ ታውቃለህ? የጎረቤትህን ዶሮ እኮ በመልኳ ታውቃታለህ!

የእንስሳት ሐኪም (ኮምቦልቻ)፦ ፈንግል ሰው አይገድልም፣ እውነት ነው። ችግሩ ፈንግልና የወፍ ጉንፋን በዓይን አለመለየታቸው ነው። ዶሮዋ ትተክዛለች፣ መጣል ታቆማለች፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይጠቁራል፣ በነጋታው ወድቃ ትገኛለች። የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። የወፍ ጉንፋን ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ላይ 18 ሰው ይዞ 6 ገድሏል፤ በ2006 ግብፅ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ገባ። ግብፅ ላይ ብዙዎቹ የታመሙት እቤታቸው ዶሮ የሚያረቡ፣ የሚያርዱና የሚገነጥሉ ሴቶች ነበሩ።

ሰኞ ገበያ፦ ዶክተር፣ ስለ እንቁላሉ ንገረን እንጂ።

የእንስሳት ሐኪም፦ የታመመች ዶሮ እንቁላል ውስጡም ቅርፊቱም ቫይረስ ሊይዝ ይችላል። አስኳሉ እስኪጠጥር ከበሰለ ግን አለቀ፤ 70 ዲግሪ አይችልም። እኔን የሚያሰጋኝ ኩስ የነካው ሰፌድ ከቤት ቤት መዞሩ ነው። ለሳል ይሆናል ተብሎ ጥሬውን መጠጣትም አለ። ደግሞ ያቺ "ሳትሞት ቶሎ ትታረድ" የምትባለዋ ነገር! ዶሮ ተከታትሎ በሞተበት ግቢ እንቁላልም፣ ለማስታቀፊያ የሚሰጥም፣ ዶሮዋም ራሷ አትውጣ፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ጤነኛ ግቢ ከሆነ ስጡ።

የሆጤዋ፦ ዋይ! በጥር አንዷ ስትተክዝ አሳርጄ ወጥ ሠርቻለሁ፣ እጄን እንኳ በሳሙና ልታጠብ አልታጠብ ትዝ አይለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም አልሞተብኝም። ሰፌዱ ግን... ሁሌ ቆጡ ሥር ነው የሚቀመጠው። ልጅቱ ሳታውቀው ልክ ነበረች ማለት ነው።

ከሐይቅ፦ አላልኩም?

ሰኞ ገበያ፦ አንተ ዳክዬውን ነው ያልከው፣ ሰፌዱን አይደለም።

የሆጤዋ፦ በቃ፣ ነገ ጠንክሮ እስኪበስል ቀቅዬ በንጹሕ ሳህን እልካለሁ። የተቀቀለውንም ትመልስ እንደሆን እናያለን።

ሰኞ ገበያ፦ ሚጥሚጣውን እንዳትረሺ። ከመለሰችው እኔ በር ላይ ነኝ።